ከዳይኩ ጀርባ የሚፈላው አሸዋ

ነገሌ ቦረና በገናሌና በዳዋ መካከል ያለች ከተማ ናት። ሁለቱ ወንዞች ከደጋው ያመጡትን አሸዋና ጭቃ በየዳርቻቸው እየጣሉ ወርደው፣ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ። በ2016 ዓ.ም. የሀገያ ዝናብ በበረታ ጊዜ ዶሎ አዶ በጎርፍ ተጥለቅልቃ ነበር። ቀደም ሲልም በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ወንዝ አጠገብ የሚኖር ሰው አፈር ቆልሎ ዳይክ ቢሠራ ተገቢ ነው። ሙላት ሲመጣ ታዲያ ሁሉም የሚያየው ውሃው የዳይኩን አናት ይዘል እንደሆነ ነው። ከጀርባ ያለውን ደረቅ መሬት የሚያይ ጥቂት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው።

ቆላ ላይ ወንዝ አልጋውን ይቀያይራል። በጥንቱ አልጋ አሸዋ ይቀራል፤ በላዩ ደግሞ ሙላቱ ያመጣው ስስ ጭቃ ይነጠፋል። ዳይኩ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ወንዙ ከፍ ሲል ግፊቱ ውሃውን በአሸዋው ውስጥ፣ ከዳይኩ ሥር አሾልኮ ወደ ማዶ ይገፋዋል። እዚያ ጭቃው የሳሳበት ወይም አይጥ የቆፈረው፣ የዛፍ ሥር የበሳው ቦታ ካገኘ ወደ ላይ ይፈነዳል። ሽቅብ የሚገፋው ውሃ በ1 ሜትር የአፈር ውፍረት ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት ሲኖረው፣ የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ መደጋገፋቸውን ያጣሉ። ያኔ መሬቱ እሳት ላይ እንዳለ ገንፎ ይንተከተካል፤ የተተፋው አሸዋም በቀዳዳው ዙሪያ ይቆለላል፤ ፍል አሸዋ የምለው ይህን ነው።

ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ በንቃት መጠበቅ ነው። ውሃው አሸዋ ይዞ ከወጣ ግን የዳይኩ መሠረት እየተቦረቦረ ነው። ቡርቦራው ከደረቁ ወገን ተነስቶ ወደ ወንዙ ያመራል፤ በቀረበ ቁጥር የውሃው መንገድ ያጥራል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ከወንዙ ጋር ሲገናኝ ዳይኩ አንድ ጠብታ ሳይዘለው ሊደረመስ ይችላል።

ቀዳዳውን በድንጋይ መድፈን የሚያጓጓ ስህተት ነው፤ የታፈነው ግፊት በሌላ በኩል ይፈነዳል። የሚበጀው ዙሪያውን በአሸዋ ጆንያ ማጠር ነው። በአጥሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ በክብደቱ ግፊቱን ይቋቋማል። አጥሩ ከፍ የሚደረገው የሚፈሰው ውሃ እስኪጠራ እንጂ እስኪቆም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሚሲሲፒ ወንዝ ሲሞላ፣ በኢሊኖይ ግዛት ኬይሮ ከተማ የታየውን ግዙፍ ፍል አሸዋ የያዙት በዚሁ መንገድ ነው።

ሙላቱ ሲጎድል ፍሉ ይቆማል፤ ከሥር የተቦረቦረው መንገድ ግን ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ውሃው ገና ብዙ ሳይሞላ በዚያው ሊነሳ ስለሚችል፣ ቦታው ምልክት ተደርጎበት በበጋው የጠጠር ማጣሪያ ሊነጠፍበት ይገባል።