አንገታችንን የመታው ብርድ ነውን?

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርብበት ጊዜ በተቃረበ ቁጥር በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚበረክት አንድ ስሞታ አለ። «አንገቴን ብርድ መታኝ» ይላል ተማሪው፤ ሻርፑን ጠምጥሞ፣ ከጎን ሲጠሩት ከነትከሻው እየዞረ። መስኮት ይዘጋል፣ ቅባት ይታሻል፣ ፎጣ ይጠመጠማል። ሌሊቱን ግን ያው ተማሪ በላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ አራትና አምስት ሰዓት ሲጽፍ ያመሻል። ሐኪሞች ስላልሆንን ብርድን ከደሙ ንጹሕ ነው ብለን አንፈርድም። ይሁንና ጣታችንን በብርድ ላይ ከመቀሰራችን በፊት፣ በሁለተኛ ደረጃ ተምረነው ፈተናው እንዳለፈ የረሳነውን የቶርክን ሕግ ብንመረምር መልካም ነው እንላለን።

ነገሩን ከመሣሪያው አሠራር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1981 አይ.ቢ.ኤም. ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒውተር ኪቦርዱ ከስክሪኑ የተለየ ነበር፤ የሚያገናኛቸው የተጠቀለለ ገመድ ነው። ተጠቃሚው ስክሪኑን ዐይኑ በሚፈልገው ከፍታ፣ ኪቦርዱን ደግሞ እጁ በሚመቸው ቦታ ለማኖር ነጻነት ነበረው። በዚያው ዓመት «ተንቀሳቃሽ» ተብሎ የወጣው ኦስቦርን 1 ግን ወደ 11 ኪሎ ግራም ይመዝን ስለነበር መንገደኛን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በ1982 ቢል ሞግሪጅ የተባለው እንግሊዛዊ ቅርጹን የነደፈው ግሪድ ኮምፓስ ብቅ አለ፤ ስክሪኑም በማጠፊያ አማካይነት እንደ መጽሐፍ ሽፋን ኪቦርዱ ላይ ይከደን ነበር። ዛሬ በየቦርሳችን የምንይዛቸው ላፕቶፖች የዚህ ቅርጽ ወራሾች ናቸው።

ይህች ማጠፊያ ለመንገደኛ የዋለችው ውለታ ትልቅ ነው፤ ዐይንና እጅን ግን በአንድ ቋጠሮ አስራለች። በአንድ መካከለኛ ቁመት ባለው ሰው ላይ እናስላ። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ዐይኑ ከክርኑ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ኪቦርዱ በክርኑ ልክ ቢሆን የላፕቶፑ ስክሪን የላይኛው ጠርዝ ከኪቦርዱ በላይ የሚደርሰው 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ከጠርዙ እስከ ዐይን ድረስ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይቀራል ማለት ነው። ላፕቶፑ ወደ ላይ ሊዘረጋ አይችልምና፣ ክፍተቱን የሚሞላው አንገት ነው።

አንገት ይህን ሲያደርግ የሚከፍለውን ዋጋ ለመረዳት በየቤታችን የማይጠፋው ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃናል። ውኃ ሞልተን በደረታችን አቅፈን ብንይዘው ለብዙ ደቂቃ አያስቸግረንም። ክንዳችንን ወደ ፊት ዘርግተን ብንይዘው ግን ገና አንዲት ደቂቃ ሳትሞላ ትከሻችን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የጀሪካኑ ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከመዞሪያው ነጥብ፣ ማለትም ከትከሻ፣ ያለው አግድም ርቀት ነው። ቶርክ የምንለውም ኃይሉ በዚህ ርቀት ሲባዛ የሚገኘውን ነው። የሰው ጭንቅላትም ወደ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከዚሁ ጀሪካን ብዙ አይለይም።

ቁጥሮቹን ለግምት እንዲያመቹ አድርገን እንውሰድ። የጭንቅላት የክብደት ማዕከል ከአንገት ሥር 16 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኝ፤ ከኋላ በኩል ጭንቅላትን የሚጎትቱት ጡንቻዎች ደግሞ ከመዞሪያው ነጥብ 4 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። አንገት ቀጥ ሲል የክብደቱ ማዕከል ከመዞሪያው በላይ ስለሚውል ጡንቻዎቹ ብዙም ሥራ የለባቸውም። በ30 ዲግሪ ስናቀረቅር ግን አግድም ርቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ የጡንቻዎቹ ርቀት እጥፍ ነውና፣ ጡንቻዎቹ ሚዛኑን ለመጠበቅ የጭንቅላቱን ክብደት እጥፍ፣ ማለትም የ10 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል መጎተት ግድ ይሆንባቸዋል። በመካከል ያለው የአንገት አከርካሪ ደግሞ የጭንቅላቱንም የጡንቻዎቹንም ጫና ስለሚሸከም ወደ 14 ኪሎ ግራም ይደርስበታል። በ45 ዲግሪ ይኸው ስሌት ከ17 ኪሎ ግራም በላይ ይሰጠናል። ኬነት ሃንስራጅ የተባሉ የኒው ዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 በኮምፒውተር ሞዴል ያወጡት ግምት ከእኛም ይበልጣል፦ በ30 ዲግሪ 18፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 27 ኪሎ ግራም። ሁለቱም ግምቶች እንጂ በሰው አንገት ላይ የተለኩ አይደሉም፤ በማቀርቀሩ መጠን ጫናው እንደሚጨምር ግን ይስማማሉ። የሚጠራጠር አንባቢ ጣቶቹን ከማጅራቱ ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ ያቀርቅር፤ ጡንቻዎቹ እንደ ገመድ ሲወጠሩ በጣቱ ይዳስሳቸዋል።

እዚህ ላይ ንቁ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ሥራ ማለት ኃይል በተንቀሳቀሰበት ርቀት ሲባዛ አይደለምን? ጭንቅላቱ ካልተንቀሳቀሰ ሥራው ዜሮ ነው፤ ታዲያ አንገት ምን አድክሞት ነው የሚታመመው? ጥያቄው ሸጋ ነው። ጀሪካኑን የተሸከመው ጠረጴዛ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ አንዳች ኢነርጂ ባላወጣ ነበር። ጡንቻ ግን እንደ ጠረጴዛ አይደለም። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የፕሮቲን ክሮች ኃይሉን ጠብቀው ለማቆየት ያለማቋረጥ እየተያያዙና እየተላቀቁ ይጎትታሉ፤ በእያንዳንዱ ጉተታም ኬሚካዊ ኢነርጂ ይበላሉ፣ ሙቀት ይለቃሉ። ከዚህም በላይ፣ ተወጥሮ የቆየ ጡንቻ በውስጡ የሚያልፉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚጫን የሚመጣለት ደም ይቀንሳል። ከውጭ ለሚያይ «ዝም ብሎ የተቀመጠ» የሚመስለው ተማሪ አንገቱ ከባድ ጉልበት ላይ ነው።

መፍትሔው ከችግሩ ምንጭ ይቀዳል፤ ማጠፊያዋ ያሰረችውን መፍታት ነው። ላፕቶፑን በወፋፍራም መጻሕፍት ላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ፣ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዐይን ልክ ወይም ጥቂት ዝቅ እንዲል ማስቀመጥ፤ ከዚያም በገመድ የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ጠረጴዛው ላይ ማኖር ነው። የኪቦርዱ ዋጋ ከላፕቶፑ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። ከተቻለ ጓደኛሞች አንዱን እየተቀባበሉ ይጠቀሙበት። ጨርሶ ለማይገኝለት ሰው ሥራውን መክፈል ይሻላል፤ ሲያነብ ላፕቶፑን ከፍ ያድርግ፣ ሲጽፍ ዝቅ አድርጎ ስክሪኑን ወደ ኋላ ያጋድመው። መጻሕፍቱ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፋው ብርድ ልብስ ነው። በማደሪያ ክፍሎቻችን ሶኬት የሚገኘው አልጋ አጠገብ ስለሚሆን ብዙዎች አልጋ ላይ መጻፍን ለምደዋል፤ መሣሪያው ይግላል፣ ጸሐፊውም ይጎብጣል።

ወንበሮቻችን በአብዛኛው ከፍና ዝቅ የማይሉ የእንጨት ወንበሮች ናቸው። ክርን ከጠረጴዛው በታች ሲውል ትከሻ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ የታጠፈ ጋቢ መቀመጫው ላይ ማንጠፍ ይህን ያስተካክለዋል። እግር ከወለሉ ከተንጠለጠለ ደግሞ ጡብ ወይም ካርቶን ከሥሩ ይደረግለት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ጭንቅላት ወደ ፊት የሚሳብበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም የፊደል ማነስ ነው። ጤናማ ዐይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ አንግል የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ገደማ ሲሆን፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይህ 0.17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእኛን ፊደላት ስንመለከት «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው በእግሯ ጫፍ ያለችው ቀለበት ናት። ፊደሉ 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ቢኖረው የቀለበቷ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ይህ የዐይን አቅም ጫፍ ላይ መሥራት ስለሆነ አንባቢው ሳይታወቀው ወደ ስክሪኑ ይቀርባል። በእንግሊዝኛ የለመድነው የፊደል መጠን ለአማርኛ አይበቃም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ጭንቅላትን ከማቅረብ ፊደሉን ማተለቅ ይሻላል፤ ርቀቱም የተዘረጋ ክንድ ያህል፣ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መስኮት ከጎን ይዋል፤ ከኋላ ከሆነ ነጸብራቁን ለመሸሽ አንገታችንን እናጣምማለንና።

እጅግ የተመቸ አቀማመጥም ቢሆን ሳይለወጥ ከቆየ ጡንቻን ያደክማል። በየግማሽ ሰዓቱ መነሣት፣ ትከሻን ማንቀሳቀስና በመስኮት ራቅ ያለ ነገር መመልከት ለጡንቻ ደሙን፣ ለዐይንም ዕረፍቱን ይመልስለታል። ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድ፣ ጣትን የሚያደነዝዝ ወይም እጅን የሚያዝል ከሆነ ግን ነገሩ ጠረጴዛን ከማስተካከል ያለፈ ስለሆነ፣ ተማሪው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።