ውሻውን ወደ ሰፈሩ መመለስ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ አንሥቶ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በሰሚት በኩል እስከ አያትና ቦሌ አራብሳ ድረስ በተዘረጋው አካባቢ፣ «የጎዳና ውሻ» ተብሎ በጅምላ የሚጠራው እንስሳ በእንስሳት ሐኪም ዓይን ሲታይ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፊሉ ባለቤት ያለው ሆኖ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ወይም ጭራሹን የማይታሰር ነው፤ ከፊሉ የማንም ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ የሆነ፣ የግንባታ ቦታ ዘበኛ ከምሳው የሚያካፍለውና በየሉካንዳው ደጃፍ አጥንት የሚጠብቅ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ባለቤቱ ግቢ ካለው ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ወይም ቤቱ ለልማት ሲፈርስ እዚያው የቀረ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ የሚወስዱትን መንገዶች መልክ ሲለውጥ፣ የመንገድ ዳር ግቢዎችን ይጠብቁ ከነበሩት ውሾች መካከል ከሰዎቹ ጋር ያልሄዱ ነበሩ።

ይህ ልዩነት ለሐኪሙ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሕክምናው ሲያልቅ ውሻው ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው የመጣበት ሁኔታ ከታወቀ ብቻ ነውና። በከተማው ለውሻ የሚሆን መጠለያ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ አብዛኛው የማዳን ሥራ የሚካሄደው መያዝ፣ ማምከን፣ መከተብና መመለስ በሚባለው ዘዴ ነው፤ ይኸውም ውሻው ተይዞ በቀዶ ሕክምና እንዳይራባ ይደረጋል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጠዋል፣ ዳግመኛ እንዳይያዝም የጆሮው ጫፍ በመጠኑ ተቆርጦ ምልክት ይደረግበታል፣ ከዚያም ወደተያዘበት ቦታ ይለቀቃል። የሥራው ትልቁ እርካታም ሆነ ከባዱ ሸክም የሚገኘው ብዙ ሰው እንደሚገምተው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በዚህ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው።

እርካታው ከየት እንደሚመጣ ለማየት አንድ በሽታ በቂ ነው። ተላላፊው የውሻ ብልት ዕጢ በጎዳና ውሾች ላይ በብዛት የሚታይ፣ አበባ ጎመን የመሰለና የሚደማ እብጠት ሲሆን፣ የሚተላለፈው እንደ ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች በተሕዋስያን ሳይሆን በግንኙነት ጊዜ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው በሚዛመቱ ሕያው የካንሰር ሴሎች ነው። ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ምስቲስላቭ ኖቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1876 ዕጢን ከእንስሳ ወደ እንስሳ በማዛወር የሚታወቅበትን ሙከራ ያደረገው በዚሁ በሽታ ነበር። ሕክምናው ለሰው ካንሰርም የሚውለው ቪንክሪስቲን የተባለ መድኃኒት ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ስለሚያቃጥል፣ ሐኪሙ የእግሩን ፀጉር ላጭቶ፣ ደም ሥሩን አግኝቶ፣ መርፌው በትክክል መግባቱን ሳያረጋግጥ አይገፋውም። በሽታው ለመድኃኒቱ በቀላሉ እጁን የሚሰጥ በመሆኑ ብዙዎቹ ይድናሉ፤ አስቸጋሪው ነገር ሰውን የሚሸሸውን ያንኑ ውሻ በየሳምንቱ አግኝቶ መያዙ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በመረብ የተያዘው ውሻ በአራተኛው ሳምንት ዘበኛው «ቡቺ» ብሎ ሲጠራው ራሱ መጥቶ ከቆመ፣ ከዕጢው መጥፋት ያላነሰ ነገር ተገኝቷል።

በእከክ ፀጉሩ የረገፈ ውሻም ተመሳሳይ ነው። ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ሲታይ ሰው በድንጋይ ያባርረዋል፤ ታክሞ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ሲመለስ ደግሞ ያባረረው ሰው ራሱ አጥንት ይጥልለታል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ በተለይም ቤዝ ስታም፣ እንዲህ ያለውን ከእርዳታ ሥራ የሚገኝ ደስታ የርኅራኄ እርካታ ይሉታል። በዚህ ሥራ ግን እርካታው የውሻው ምስጋና አይደለም፤ ውሻ የወጋውን ሐኪም በማስታወስና በመሸሽ የታወቀ ነው። እርካታው የሚመጣው ሰፈሩ ለውሻው የነበረው አመለካከት ሲለወጥ ነው፤ ይህ ደግሞ በአንድ ጀምበር አይሆንም።

የሸክሙ ስም በሳይንስ የርኅራኄ ድካም ነው። ካርላ ጆይንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የነርሶች መጽሔት ላይ ስለ ነርሶች ስትጽፍ የተጠቀመችበት፣ ቻርልስ ፊግሊም በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ይህ ሐሳብ፣ የሌላውን ሥቃይ አዘውትሮ የሚያይ ሰው ቀስ በቀስ ስሜቱ የሚደነዝዝበትን፣ እንቅልፍ የሚያጣበትንና ከሥራው የሚሸሽበትን ሁኔታ ይገልጻል። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት አርኖልድ አርሉክ ደግሞ በእንስሳት መጠለያዎች የሚሠሩ ሰዎችን አጥንቶ፣ የሚንከባከቡትን እንስሳ በእጃቸው እንዲገድሉ መገደዳቸው የሚፈጥረውን የውስጥ ተቃርኖ ጽፏል። የአርሉክ ትንታኔ ለአዲስ አበባ ግን እንዳለ አይገጥምም። በአሜሪካ መጠለያ ከባዱ ውሳኔ መግደል ነው፤ በቦሌና በአያት ከባዱ ውሳኔ መልቀቅ ነው። ሦስት ሳምንት የታከመች፣ ስፌቷ የዳነላትና ሰውን መልመድ የጀመረች ውሻ ሚኒባስ ወደሚከንፍበት አስፋልት ዳር ተመልሳ ስትለቀቅ፣ የለቀቃት ሰው ከዚያ በኋላ የሚደርስባትን ሁሉ በራሱ ላይ ይቆጥረዋል። በጎሮና በአያት ዳርቻ ጅብ ሌሊት ይወርዳል፤ በከተማው መኻል ደግሞ መኪና አለ። መኪና በገጫት ውሻ ሬሳ ላይ የጆሮዋን ምልክት ማየት፣ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚጠሉት ነገር ነው፤ ያን ያህል ድካም የት እንደገባ በግልጽ ያሳያልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ሰፈሩ ውሻን መፍራቱ ከንቱ ፍርሃት እንዳልሆነ አዳኞች ሊዘነጉት የማይገባ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1903 የተነሣው የዚህ በሽታ ወረርሽኝ በታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ቀድሞ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው የዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ለአሥርተ ዓመታት ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ሲያመርት ኖሯል፤ የተነከሰው ሰው በየቀኑ በሆዱ ዙሪያ የሚወጋው ያ መርፌ ከብዙ አዛውንቶች ትውስታ አልጠፋም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻ በኋላ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና ክትባቱን መጀመር ግን ሕይወት ያድናል። ሰው የነከሰ፣ ጤናማ የሚመስል ውሻ ለ10 ቀን ይጠበቃል፤ በሽታው በምራቁ ውስጥ የሚገኘው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት በመሆኑ፣ 10 ቀን በጤና ከቆየ በነከሰበት ጊዜ አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻው በዚህ ጊዜ ውስጥ ምራቁ ከተዝረበረበና መንጋጋው ከወደቀ ግን ይገደላል፣ ጭንቅላቱም ተቆርጦ፣ በፕላስቲክ ተደራርቦ ታሽጎ፣ በበረዶ ሣጥን ወደ ኢንስቲትዩቱ ይላካል፤ ምርመራው የሚካሄደው በአንጎሉ ላይ ነውና። ለ10 ቀን ውኃና ምግብ ያቀረበለት ሠራተኛና ሣጥኑን ይዞ የሚሄደው ሠራተኛ አንድ ሰው በሆነበት ቦታ፣ ስለ ርኅራኄ ድካም የተጻፈ መጽሐፍ ብዙም አይረዳም።

ከተማው ለረጅም ዘመን የተከተለው መንገድ መርዝ ነበር። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ ጡንቻን በኃይል እያኮማተረ፣ እንስሳው ኅሊናውን ሳይስት የሚገድል በመሆኑ ከሥቃዩ አንጻር ብቻ ቢታይ ሊቀር የሚገባው ነው፤ ሆኖም አዳኞች ክርክራቸውን በሥቃዩ ላይ ብቻ ሲያቆሙ ይሸነፋሉ። የሚሻለው ክርክር መርዙ አይሠራም የሚለው ነው። ቆሻሻውና የሉካንዳው ትርፍራፊ እስካለ ድረስ የሞተውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል፤ የተከተበውና የመከነው ውሻም ከሌሎቹ ጋር ስለሚሞት፣ በሽታውን ለመግታት ያስፈልጋል የሚባለው 70 በመቶ የክትባት ሽፋን ይፈርሳል። በሕንድ ጃይፑር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በተካሄደው የማምከንና የመከተብ ሥራ፣ ከሴቶቹ ውሾች 65 በመቶው ያህል ሲመክኑና ሲከተቡ የውሻው ቁጥር በ28 በመቶ ቀንሷል፤ ሥራው በተካሄደበት ክልልም የሰው የእብድ ውሻ በሽታ ጠፍቷል። ውጤቱ ዓመታት ፈጅቷል፤ ይህን በጥድፊያ ለሚጠብቅ ኃላፊ ማስረዳት ራሱን የቻለ ትግል ነው።

«ሰው በረሃብ እየተቸገረ ለውሻ?» የሚለው ጥያቄም በየሰፈሩ ይነሣል፤ ከሚሰደቡት ስድብ ይልቅ አዳኞችን የሚያቆስለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ጭካኔ የለበትም። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳይገባ በሚጠበቅበት ባህል ውስጥ፣ ለውሻ ገንዘብ ማውጣት ከቅንጦት ቢቆጠር አይገርምም። መልሱ ግን አለ፦ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ክትባቱን ለመግዛት አቅም የሚያጥራቸውም ከውሻው ጋር ጎዳና የሚጋሩት ናቸው። አንዱን ውሻ መከተብ ከእነርሱ ጎን መቆም ነው። ከከተማው ውጭም ጉዳዩ አለ፤ በባሌ ተራሮች የሚገኘውን የቀይ ቀበሮ መንጋ በተደጋጋሚ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ምንጩ የገጠሩ ውሻ ነው።

ድካሙን የሚያባብሰው ሌላው ነገር ቡችሎቹ ናቸው። ሰው ለጥበቃ ወንድ ውሻ ስለሚመርጥ፣ ሴቶቹ ቡችሎች ዓይናቸው ሳይገለጥ በካርቶን ተደርገው ከክሊኒክ በር ላይ ይጣላሉ። አንዲት ውሻ 63 ቀን ገደማ አርግዛ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለችና፣ የተጣለውን ሁሉ የሚሰበስብ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ግቢውን ይሞላል፤ ከዚያ ፓርቮ በተባለው ተላላፊ በሽታ የተያዘ አንድ ቡችላ ሌሎቹን ይጨርሳል፣ ሰውየውም ደመወዙንና ጎረቤቱን ያጣል። ይህን ደግነት ብሎ ማሞገስ የተለመደ ነው፤ በባለሙያ ዓይን ግን እንስሳቱንም ሰውየውንም የሚጎዳ ነው፣ «ቦታ የለም» ማለት የቻለ ክሊኒክም ከሚደነዝዘው ክሊኒክ ይበልጥ ብዙ ያክማል።

በዚህ ምክንያት በምሥራቁ የከተማው ክፍል በሥራው የቆዩ ሰዎች አሠራራቸውን ወደ ሁለት ጥቃቅን ጥንቃቄዎች አዙረዋል። አንደኛው፣ የሚገደለውን ውሻ የሚወስነው ሲመግበው ያልነበረ ሰው እንዲሆን ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ውሻውን ከመያዝ በፊት የሚመለስበትን ሰው ማግኘት ነው፤ ዘበኛው ወይም የግቢው ጥበቃ ካልተስማማ፣ ሰው የነከሰ ወይም ክፉኛ የቆሰለ ካልሆነ በቀር ውሻው አይያዝም። ይህ ብዙ ውሻ ሳይታከም እንዲቀር ያደርጋል፤ ቁጣም ያስነሣል። አያትና ቦሌ አራብሳ አካባቢ ደግሞ ሕንፃው ሲያልቅ ዘበኛው ወደ ሌላ ሥራ ስለሚሄድ፣ የውሻው ኃላፊነት ከእርሱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለውሻው በሚዘጋጀው የመመለሻ ካርድ ላይ ከዘበኛው ስልክ ቀጥሎ ከቦታው የማይነቃነቀውን የሉካንዳውን ባለቤት ስልክ መጻፍ ተጀምሯል።