ኮንቴይነሩ ከመጫኑ በፊት

በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ዲ ስኩል» የሚባል ትምህርት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባለሀብቱ ሐሶ ፕላትነር 35 ሚሊዮን ዶላር ለግሶለታል። የሕክምና፣ የምሕንድስናና የንግድ ተማሪዎች በአንድነት ተቀምጠው፣ መፍትሔ ከመፈለጋቸው በፊት ችግሩ ካለበት ቦታ ደርሰው ማየትን ይማሩበታል።

በ2007 አንድ የተማሪዎች ቡድን ርካሽ ኢንኩቤተር እንዲሠራ ታዘዘ። ከመካከላቸው ኔፓል የሄደው ተማሪ ግን በእርዳታ የመጡት ኢንኩቤተሮች በከተማ ሆስፒታል ባዶአቸውን ቆመው አገኘ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ሕፃናት የሚሞቱት መብራት በሌለበት ገጠር ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ሕፃኑ የሚጠቀለልበት፣ ሰም መሰል ነገር የያዘ ከረጢት ሠራ። ሰሙ አንዴ ከሞቀ 37 ዲግሪ ያህል ሙቀት ለሰዓታት ይሰጣል።

ወደ አገር ቤት የሕክምና መሣሪያ የሚልኩ ማኅበራትም ከዚህ የሚማሩት አለ። ኮንቴይነሩ ከመጫኑ በፊት «እዚያ መብራት አለ ወይ? ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል?» ብሎ የሚሠሩበትን ነርሶች መጠየቅ፣ በስንት ድካም የተዋጣው ገንዘብ መጋዘን ውስጥ እንዳይቀር ያደርጋል።