እግር ሲያብጥ ሻዩ የሚረዳው መቼ ነው?

ከእናንተ ዘንድ ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ፤ «ማታ ማታ እግሬ ያብጣል፤ ምን አፍልቼ ልጠጣ?» የሚል ነው። ዛሬ እንመልሰዋለን።

ማታ ካልሲ ስታወልቁ የላስቲኩ መስመር ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ ጠልቆ ከቀረ፣ ወይም እብጠቱን በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ጎድጎድ ብሎ ከቆየ፣ ሰውነታችሁ ውሃ ቋጥሯል። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው፤ ስንራመድ የባታችን ጡንቻ እየጨመቀ ይገፋዋል። ካውያ ይዘን ወይም ሳህን እያጠብን አንድ ቦታ ለረጅም ሰዓት ስንቆም ግን ግፊቱ ይደክምና ውሃው ከደም ሥር እየወጣ እግር ላይ ይጠራቀማል። ሙቀትና ጨው ደግሞ ያባብሱታል።

ሊባኖስ ያላችሁ ለተቡሌ በየጊዜው የምትከትፉት በቅዱኒስ ከጥንት ጀምሮ ሽንት ለማሸናት ሲያገለግል የኖረ ቅጠል ነው። አንድ እፍኝ ከትፋችሁ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፤ 10 ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩትና አጥላችሁ ጠጡ። ከርከዴም እንዲሁ ይዘጋጃል። ሁለቱም ቀለል ያለ እብጠትን ጥቂት ሊያግዙ ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁባቸው። በቀን ከአንድ ሁለት ብርጭቆ አይለፍ፤ ማታ ከመኝታ በፊት ከጠጣችሁት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳችኋል።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የደም ግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ እህት ሐኪም ሳትጠይቅ እነዚህን እንደ መድኃኒት አትጠጣ። በረመዳን ጊዜ የሚሸጠው «ሱስ» የተባለው ጥቁር መጠጥ ደግሞ ሲበዛ ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። እግሩ ያበጠ ሰው ቢተወው ይሻላል። የእመቤታችሁን የሽንት ክኒንም አትዋጡ፤ ለልብ የሚያስፈልገውን ፖታሲየም ከሰውነት አጥቦ ሊያወጣ ይችላል።

ከሻዩ ይልቅ የሚበልጠው ገንዘብ የማያስወጣው ነው። ስትተኩሱ በየጊዜው ተረከዛችሁን አንሡና መልሱ። ማታ በጀርባችሁ ተኝታችሁ እግራችሁን ከደረታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ትራስ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል አሳርፉ። ጨው ቀንሱ፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ማጊ፣ የወይራ ፍሬና በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። «ውሃ ነው ያሳበጠኝ» ብላችሁ ግን ውሃ መጠጣት አታቁሙ።

አሁን የምንነግራችሁን በደንብ ያዙልን። ማታ አብጦ ጠዋት የሚሟሽሽ እግር አብዛኛውን ጊዜ የድካም ነው። ጠዋት ፊትና ዓይን ቆብ ካበጠ፣ ሽንት አረፋ ካበዛ ወይም ካነሰ፣ ኩላሊት መመርመር አለበት። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመና ካተኮሰ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ አትሹት። ነፍሰ ጡር እህት ፊቷና እጇ አብጦ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካላት ሰዓት አትፈጅ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ሊባኖስ ውስጥ በ140 ለቀይ መስቀል ደውሉ፤ አምቡላንሱ በነጻ ነው። በነዚህ ጊዜያት ሻይ ማፍላት ቀን ማባከን ነው።

ቋንቋው ለሚቸግራችሁ፣ በሊባኖስ ዐረብኛ «ኢጅራዪ ዋርሚን፣ በዲ ሐኪም» በሉ፤ «እግሮቼ አብጠዋል፣ ሐኪም እፈልጋለሁ» ማለት ነው። አፍራችሁ ዝም አትበሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ደኅና ሰንብቱልን።