የገዛ ስሙን ብቻ የሚያውቅ በትር

በሰሜን አሜሪካ፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ ሄዶ አንድ ሁለት ሌሊት የሚያርፍባቸው፣ ከውጭ ለሚመለከታቸው በግንድ የተዋቀረ የደን ቤት የሚመስሉ፣ በውስጣቸው ግን ጣራ የለበሰ ሰፊ የውሃ መጫወቻ የያዙ ትልልቅ ሆቴሎች አሉ። ከእነዚህም መካከል ግሬት ዎልፍ ሎጅ የተባለው፣ መነሻው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1997 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ዴልስ ከተማ የተከፈተ ሆቴል ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ግዛቶች ቅርንጫፎቹን አብዝቶ፣ የአገራችን ሰዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከዋሽንግተንና ከዳላስ በመኪና በሚደረስባቸው ስፍራዎችም አንዱን በቨርጂኒያ ዊልያምስበርግ፣ ሌላውን በቴክሳስ ግሬፕቫይን አቁሟል። በደጅ በረዶ ሲወርድ፣ በውስጥ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲዋኝ የዋለ ሕፃን፣ ልብሱን ከለወጠ በኋላ ወደ መኝታ ክፍሉ እንዲገባ ቢለመን እሺ የማይልበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም በእጁ የጨበጠው በትር ነው።

ማጂክዌስት የተባለው ይህ የበትር ጨዋታ መጀመሪያ የተከፈተው በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና፣ መርትል ቢች በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሲሆን፣ ያቋቋመውም የመጫወቻ ፈልሳፊዋ ዴኒዝ ቻፕማን ዌስተንና ባልደረባዋ ሪክ ብሪግስ የነበሩበት ክሪኤቲቭ ኪንግደምስ የተባለ ኩባንያ ነው። ተጫዋቹ በትሩን ገዝቶ፣ ለጨዋታውም ተመዝግቦ ከተሰናዳ በኋላ፣ በመስኮተ ትርኢት ፊት ቆሞ ከቀረቡለት ገድሎች አንዱን ይመርጣል፤ ምን ምን እንደሚፈልግ የሚጠቁም ፍንጭ ይነገረዋል፤ ከዚያም ከፎቅ ወደ ፎቅ፣ ከኮሪደር ወደ ኮሪደር እየወጣና እየወረደ፣ በትሩን ሲያነጣጥርበት ክዳኑ የሚከፈት የሀብት ሣጥን፣ አንደበት አውጥቶ የሚናገር ሥዕል፣ ድንገት የሚበራ ዕንቍ ያገኛል። የታዘዘውን ሁሉ የፈጸመ እንደ ሆነ ምልክት ይሰጠዋል፤ ምልክቶቹ ሲበዙለትም ከዘንዶ ጋር እስከ መጋጠም ለሚደርስ ለበለጠ ጀብድ ይበቃል። በትሩ በአንድ ዋጋ፣ የመጫወት መብቱ ደግሞ በሌላ ዋጋ መሸጡ ከሳይንሱ ይልቅ የነጋዴውን ብልሃት የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለአባቶችና ለእናቶች ትዝብት ትቼዋለሁ።

ባሕር የከፈለችውን በትረ ሙሴን፣ አብባ ያፈራችውንም በትረ አሮንን በሰንበት ትምህርት ቤት የሰማ ልጅ፣ ኀይሉ ሁሉ በዚያች በጨበጣት ዘንግ ውስጥ ያደረ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ በመጽሐፍም ቢሆን ባሕሩን የከፈለው እንጨቱ አልነበረም። የዚህኛው በትር ምሥጢር ሲመረመር የሚገኘው እውነት ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም፤ በትሩ የሚያውቀው የገዛ ስሙንና ምን ያህል በብርታት እንደ ተወዛወዘ ብቻ ሲሆን፣ የሚያዳምጠው፣ የሚያስታውሰው፣ የሚፈርደውና የሚሸልመው በትሩ የተነጣጠረበት ግንብ ነው።

በትሩ ቢፈታ፣ በውስጡ የባትሪ ድንጋይ፣ እንቅስቃሴን የሚያስተውል ትንሽ መቀስቀሻ፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳና፣ ወደ ጫፉ የሚመለከት፣ ኤል ኢ ዲ የሚባለው ዓይነት እጅግ ትንሽ መብራት ይገኛል። ሕፃኑ በትሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሚቀመጥበት ጊዜ ሰሌዳው እንደ ተኛ ስለሚቆይ ድንጋዩ በከንቱ አያልቅም፤ ክንዱን ሲያወዛውዝ ግን መቀስቀሻው ይነቃና ትንሿ መብራት ትበራለች። ትበራለች ስንል ግን ለዓይናችን አይደለም፤ የምትረጨው ብርሃን ከሰው ዓይን የተሰወረ ነውና።

ይህ ኅቡእ ብርሃን የታወቀበት ታሪክ ሊቆዩበት የሚገባ ነው። ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት በ1781 ዓ.ም. ያገኘው፣ በትውልዱ ጀርመናዊ፣ በኑሮው ግን እንግሊዛዊ የሆነው የከዋክብት መርማሪ ዊልያም ኸርሸል፣ ፀሐይን በመነጽር ሲመለከት ዓይኑን ለመከለል የሚጠቀምባቸው ባለቀለም መስተዋቶች ከፊላቸው ብርሃን አሳንሰው ሙቀት ሲያሳልፉ፣ ከፊላቸው ደግሞ ብርሃን እያሳለፉ ሙቀት ሲያሳንሱ በማስተዋሉ፣ ሙቀት ለየቀለሙ በልክ የተከፋፈለ እንደ ሆነ ለማወቅ ተነሣ። በ1800 ዓ.ም. የፀሐይን ብርሃን ባለሦስት ማዕዘን በሆነ ብርጭቆ አሳልፎ እንደ ቀስተ ደመና ከዘረጋው በኋላ፣ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር እያኖረ ሲለካ፣ ሙቀቱ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ እየጨመረ ሄደ፤ ከቀዩ ወሰን አልፎ፣ ዓይን ጨለማ ብቻ በሚያይበት ቦታ ላይ ያኖረው ቴርሞሜትር ግን ከሁሉ በልጦ ከፍ ማለቱን ባየ ጊዜ፣ የማይታይ ብርሃን መኖሩን ተረዳ። ኋላ ኢንፍራሬድ፣ በእኛም ሊቃውንት ዘንድ ታሕተ ቀይ የተባለው ይህ ጨረር ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት በግምት ከ380 እስከ 750 ናኖሜትር ሲሆን፣ የቤት ቴሌቪዥን ሪሞቶች የሚረጩት ጨረር ብዙውን ጊዜ 940 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ናኖሜትር ማለትም የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በዚህ የሞገድ ርዝመት አካባቢ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ከፀሐይ የሚመጣውን ጨረር በከፊል ስለሚውጠው፣ በመጠኑም ቢሆን ጸጥ ያለ ስፍራ ይገኛል።

በመጠኑ ማለቴ በምክንያት ነው። ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባልደረባ ዩጂን ፖሊ በ1955 ዓ.ም. የሠራው ያለ ሽቦ የሚታዘዝ ቴሌቪዥን፣ በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ብርሃን የሚያስተውል ዓይን ተተክሎለት፣ እንደ እጅ ባትሪ ባለ መሣሪያ ሲያበሩበት ጣቢያ ይለውጥና ድምፅ ያጠፋ ነበር፤ ነገር ግን ያ ዓይን የባለቤቱን ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን ስለማይለይ፣ በመስኮት የገባ ጨረር ሲያርፍበት ማንም ሳያዝዘው ይሠራ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የኩባንያው ሊቅ ሮበርት አድለር ብርሃኑን ትቶ፣ ጆሮ በማይሰማው ረቂቅ ድምፅ የሚያዝዝ መሣሪያ አወጣ፤ ብርሃን ዳግም ወደዚህ አገልግሎት የተመለሰው ከዓመታት በኋላ፣ ታሕተ ቀይ የሚረጩ ትንንሽ መብራቶች ከተፈለሰፉ ወዲህ ነው።

ታዲያ የሆቴሉ ግንብ፣ የጣራ መብራቱና የመስኮቱ ፀሐይ ሳያሳስተው የበትሩን ብርሃን ለይቶ የሚያውቀው እንዴት ነው? መልሱ በሚብለጨለጭበት ፍጥነት ውስጥ ይገኛል። የበትሩ መብራት በምትናገርበት ጊዜ በአንድ ሴኮንድ ወደ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እየበራች ትጠፋለች፤ በሣጥኑ ወይም በሥዕሉ ላይ የተሰወረው ተቀባይ ዳሳሽ ደግሞ በዚህ ፍጥነት የሚርገበገበውን ብቻ ተቀብሎ፣ ሳይርገበገብ የሚፈሰውን የፀሐይ ብርሃንም ሆነ በዝግታ የሚርገበገበውን የመብራት ብርሃን ይጥላል፤ ይህም በገበያ ሁካታ መካከል የእናቱን ድምፅ ብቻ ለይቶ እንደሚሰማ ሕፃን ያለ ነው። በዚህ ርግብግብታ ላይ መልእክቱ ይጫናል። ጊዜው በእኩል ይከፋፈልና፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ መብራቷ ለአጭር ጊዜ ከበራች ዜሮ፣ ለረዘመ ጊዜ ከበራች አንድ ተብሎ ይነበባል። የማጂክዌስት በትር መልእክት 56 እንደዚህ ያሉ ምልክቶች ሲኖሩት፣ ከሚበዙት የሚገኘው የበትሩ መለያ ቁጥር፣ ከቀሩት መካከል የሚገኘው ደግሞ የውዝዋዜው ብርታት ነው፤ ለመለያው የተመደበው ቦታም ከሁለት ቢሊዮን ለሚበልጡ በትሮች ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም ለመስጠት ይበቃል። ይህ ሁሉ ተነግሮ የሚያልቀው ከአንድ ሴኮንድ አሥረኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚህም ወላጆች ሊያውቁት የሚጠቅም ነገር ይከተላል። ሁለት ልጆች በአንድ ሣጥን ፊት በአንድ ጊዜ በትራቸውን ቢያወዛውዙ፣ የሁለቱ ስም ተደባልቆ ለዳሳሹ የማይነበብ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ሣጥኑ እንቢ ያለው ሕፃን በትሬ ተበላሸ ብሎ ከማልቀሱ በፊት፣ በጎኑ የቆመው ልጅ ጥቂት እንዲታገሥለት መለመን ይበጃል።

ስሙ ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ የግንቡ ነው። ዳሳሹ ያነበበውን ቁጥር ወደ ጨዋታው ኮምፒዩተር ያስተላልፋል፤ ኮምፒዩተሩም በመዝገቡ ውስጥ ያንን ቁጥር ፈልጎ፣ ባለቤቱ የትኛውን ገድል እንደ ጀመረ፣ ምን እንዳገኘና ምን እንደ ቀረው ከተመለከተ በኋላ፣ ተገቢው ሰው ከሆነ ሣጥኑን ይከፍትለታል፤ ካልሆነም ገና ጊዜው እንዳልደረሰ ይነግረዋል። አንድ ሣጥን ለአንዱ ልጅ ወርቅ ሲሰጥ ለሌላው ዝም የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው። በትሩን ወደ ቤት ወስዶ ዳግመኛ ይዞት የመጣ ልጅ ሌላ በትር ሳይገዛ መጫወት የሚችለውም፣ ስሙ ከዘንጉ ጋር አብሮ ስለሚኖር ነው።

ሌላ መንገድም አለ፤ እንደ እኔ ፍርድ ከዚህኛው የበለጠ መንክር ነው። በፍሎሪዳ ኦርላንዶ የሚገኘው የዩኒቨርሳል መዝናኛ ስፍራ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሃሪ ፖተር መንደሮቹ ለጎብኚ ያቀረበው በትር ሲጀመር ባትሪም፣ መብራትም፣ መቀስቀሻም አልነበረውም፤ በጫፉ ላይ ያለው፣ የመጣበትን ብርሃን ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሶ የሚልክ ትንሽ አንጸባራቂ ብቻ ነው፤ የመንገድ ምልክቶች በሌሊት ለነጂው የሚያበሩትም በዚሁ ጥበብ ነው። በሱቁ መስኮት ውስጥ የተሰወረ መብራት ታሕተ ቀይ ይረጫል፤ ካሜራውም ከበትሩ ጫፍ ተመልሶ የሚመጣውን ነጥብ እየተከተለ፣ ልጁ በአየር ላይ የጻፈውን ቅርጽ ያነብባል። የመጀመሪያው በትር ማንነቱን ሲናገር ይህኛው ፍጹም ዲዳ ነው፤ ግንቡም ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ክንዱ ምን እንዳደረገ ብቻ ያያል።

በትርን ማወዛወዝ እስከ ክርክርም አድርሷል። ክሪኤቲቭ ኪንግደምስ፣ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የዊ መጫወቻ መቆጣጠሪያዎቹን የእኔን የፈጠራ መብት ጥሶ ሠራ ብሎ ለአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን አቤት ብሎ ነበር፤ ኮሚሽኑ ለኒንቴንዶ ፈረደ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2014 ዓ.ም. ፍርዱን አጸና።

የቀረው ጥያቄ፣ ሕፃኑ ለምን ያምናል የሚለው ነው፤ ይህም ከበትሩና ከግንቡ ይልቅ ወደ ኅሊናው ያመለክታል። በቤልጅግ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አልበርት ሚሾት በ1946 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንዲት ባለቀለም ቅርጽ ወደ ሌላይቱ ሄዳ ስትነካት፣ የተነካችውም ወዲያው ስትንቀሳቀስ ሲያዩ፣ ተመልካቾች ፊተኛይቱ ኋለኛይቱን ገፋቻት ብለው ሳያስቡና ሳይመራመሩ በዓይናቸው እንደሚያዩ አሳይቷል፤ እንዲያውም በሥዕል እንጂ በእውነት የገፋም የተገፋም ነገር አልነበረም። በንክኪውና በእንቅስቃሴው መካከል ያለው ጊዜ ከሴኮንድ አሥረኛ ክፍል እየበለጠ በሄደ መጠን ግን፣ ያ የመግፋት ስሜት እየደከመ ሄዶ ይጠፋል፤ ሁለቱ ነገሮችም የማይተዋወቁ ሆነው ይታያሉ። እንግዲህ የበትሩ ንግግር በዚህች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ ማለቁ የጨዋታው ሕይወት ነው፤ ሣጥኑ ጥቂት ቢዘገይ ሕፃኑ ማሽን ያያል፤ ወዲያው ከመለሰለት ግን ሥራውን የሠራው የገዛ ክንዱ ይሆንበታል። በዕድሜ የገፋን ሰዎችም የመብራት ማብሪያ ስንጫን የምናምነው በዚያው መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ለመመርመር ወደ ቨርጂኒያም ሆነ ወደ ቴክሳስ መጓዝ የግድ አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ የቤትህን የቴሌቪዥን ሪሞት አንሥተህ ጫፉን ወደ ሞባይል ስልክህ ካሜራ አዙርና፣ ማንኛውንም ቁልፍ ተጭነህ የስልኩን መስኮት ተመልከት፤ በዓይንህ ምንም ያልታየህ ቦታ ላይ ነጣ ያለ ሐምራዊ ብልጭታ ታያለህ። አንዳንድ ስልኮች በኋላ ካሜራቸው ላይ ይህን ጨረር የሚከለክል ማጣሪያ ስላለባቸው፣ ካልታየህ በፊት ለፊቱ ካሜራ ሞክር።