የአምፖሉ ድምፅ ስንት ሄርዝ ነው?

አንድ ነገር በጆሯችሁ ልበላችሁ፣ ከእኛ ግን አይውጣ፤ በሙዚቃ ሥራዎቼ ውስጥ የምትሰሙት ውኃ የጉደር ፏፏቴ አይደለም። «የጉደር ነው የወንጪ?» ብለው ሲጠይቁኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። ፏፏቴን በስልክ ቀድታችሁ ብታዳምጡት የሚተርፋችሁ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ሽሽታ ነው። ስለዚህ እኔም ከሽሽታው እጀምራለሁ። ሁሉም ድግግሞሽ በእኩል የተቀላቀለበትን ነጭ ጫጫታ በማጣሪያ አሳልፈዋለሁ፤ ማጣሪያውን ደግሞ በዘፈቀደ ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ጆሮ ውኃ ነው ብሎ የሚቀበለው ይህን መከፈትና መዘጋት ነው። አምቦ ተቀምጦ በውኃ ማጭበርበር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

ይህን የምሠራው በሞጁላር ሲንተሳይዘር ነው። ለማታውቁት፦ አንዱ ሳጥን ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሌላው ጊዜ ይቆጥራል፤ በገመድ የሚያገናኛቸው ተጫዋቹ ነው። ዛሬ የተለመደውን የሳጥን ልክ፣ ዩሮራክን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያመጣው ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ነው። ያን ሁሉ ዕቃ በዶላር ገዝቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ አምቦ ማድረስ ለእኔ የማይታሰብ ነው። የእኔ መደርደሪያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ቪሲቪ ራክ የሚባል፣ በ2017 የወጣ ነፃ ሶፍትዌር። መብራት ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ ይጫወታል፤ የእውነተኛው ዕቃ ባለቤቶች በዚህ ቢቀኑብኝ አይፈረድባቸውም።

ኦቲስቲክ ነኝ። ኦቲዝም ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ሕፃን ነው፤ ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጡት በአብዛኛው እናቶች ናቸውና። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከጎረቤት ይደብቅ ነበር። እሳቸው በ2021 አርፈዋል። ልጅ ግን ያድጋል፤ ያደገውን ማንም አይጠይቀውም።

መድረክ ላይ ቀና ሳልል ሳጫውት «ተመስጦ ነው» ይሉኛል። ምንም ተመስጦ የለም፤ የሰው ፊት ማየት ስለሚከብደኝ ነው። ደግሞም የምነካካው ነገር ጥቂት ነው፤ ሕጉን ቀድሜ ጨርሻለሁ፣ ድምፁን የሚመርጠው ማሽኑ ነው። የሥራው ልብ እንግሊዛዊው ቶም ዊትዌል በ2012 ያወጣው ቱሪንግ ማሽን ነው፤ አሁን በሶፍትዌርም ይገኛል። አንድ ትልቅ ቁልፍ አለው። ቁልፉ መሐል ላይ ከሆነ የሚወጣው ሁሉ ዕጣ ነው። ቀኝ ጥግ ድረስ ካዞራችሁት 16 እርምጃ ያለው ዜማ ተቆልፎ ዝንተ ዓለም ይደጋገማል። የእኔ ቦታ ከጥጉ ትንሽ መለስ ብሎ ነው፤ ያው ዜማ ይዞራል፣ አልፎ አልፎ አንድ ድምፅ ይስታል፣ ስህተቱም የዜማው አካል ሆኖ ይቀራል። እኔ ያው መንገድ፣ ያው ምሳ፣ ያው ወንበር የምወድ ሰው ነኝ። ሳልጠየቅ የሚመጣ ለውጥ ቀኔን ያበላሸዋል። እዚህ ግን ለውጡ ምን ያህል ይሁን የሚለውን በሁለት ጣቴ የምወስነው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ ሌላ ቦታ አላየሁም።

በላዩ ላይ ሦስት ዙሮች አስቀምጣለሁ፤ በ7፣ በ11 እና በ13 ሴኮንድ የሚመለሱ። ሦስቱ አብረው ከተነሱ ዳግም አንድ ላይ የሚገናኙት ከ1001 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ16 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ በኋላ ነው። ባለ 17 ሴኮንድ ዙር ከጨመራችሁ ቀጠሮው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ይርቃል። አድማጭ አይቆጥርም፤ እኔ እቆጥራለሁ።

ሌላው ምስጢር ስለ ትዝታ ቅኝት ነው። ማሽኑን በሜጀሩ ትዝታ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ብቻ እንዲጫወት ካሰራችሁት የፈለገውን ቢያወጣ ያምራል፤ ምክንያቱም ከአምስቱ ድምፆች መካከል በግማሽ ድምፅ የሚጎራበቱ የሉም። አምቢየንት የሚባለውን ዝግ ያለ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ግማሽ ዝና የቆመው በዚህ ላይ ነው፣ የእኔም ጭምር። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ግን ዶ ከሬ ቤሞል፣ ፋ ከሶል ቤሞል ተጎራብተው ይነካከሳሉ። ያኔ የትኛው ዙር መቼ ዝም ይበል የሚለውን ማሰብ ግድ ነው። ሰው ሥራ ሲያሰማኝ በአንቺሆዬ አድርገው እለዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልስ አይመጣም።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉኝ ሐሊም ኤል ዳብን እጠቅሳለሁ። ግብፃዊው በ1944 ካይሮ ላይ የዛር ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ አሻሽሎ ሌላ ሙዚቃ አወጣበት፤ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሥራዎች ይቆጠራል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም ያቋቋመው ይኸው ሰው ነው። በገናን ከክራርና ከማሲንቆ ጋር መድረክ ላይ ያስቀመጠውን ሰው ፈረንጅ በሉት እስቲ።

አሁን ወደ አዳራሹ። ጊንጪም ይሁን ጌዶ ቀድሜ የምደርሰው ዕቃ ለመዘርጋት አይደለም፤ መብራቱን ለመስማት ነው። የፍሎረሰንት አምፖል ባላስት፣ ሌላው ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው፣ እኔን ግን ጥርሴ ድረስ ያንዘረዝረኛል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለሆነ ባላስቱ በ100 ሄርዝ ይጮኻል። ይህም ከሶል በ35 ሳንቲም፣ ማለትም ከግማሽ ድምፅ አንድ ሦስተኛ በሚሆን ከፍ ያለ ነው። አንድ ኦክታቭ አንድ ቮልት በሆነበት ዓለም ልዩነቱ 29 ሚሊቮልት ገደማ ነው። እሷን እጨምርና ሥራውን በሙሉ ወደ አምፖሉ እቃኘዋለሁ። ያኔ ጩኸቱ እንደ በገና ንዝረት ከሥር ይሄዳል፤ እኔም ጥርሴን ሳልነክስ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ። ታዳሚው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሙዚቃው አዳራሹን ሞላው ብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ከልምምድ በኋላ አምፖል የምትቀይሩ ከሆነ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።