ትንሽ ነጋዴ ከባልንጀራው ጋር ስለ መተዋወቁ ጥቅም

ንግድ ከገንዘብ አስቀድሞ የሚፈልገው መታመንን ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ነጋዴ አይሆንም፤ ቃሉ የታመነለት ሰው ግን በእጁ ገንዘብ ባይኖር እንኳ ዕቃ በዱቤ ያገኛል፥ ገዢም ይፈልገዋል። የትልቅ ድርጅት ባለቤት ስሙን በጋዜጣና በራዲዮ ያስነግራል፤ በየአገሩም ወኪል ያቆማል። ባለ አንዲት ሱቅ፥ ባለ አንድ የስፌት መኪና፥ ሦስት ሠራተኛ የያዘ አናጢ ግን ለዚህ የሚያወጣው ገንዘብ የለውም። ስሙን ከሰፈሩ አሻግሮ የሚያደርስለት ሥራውን ያየ ሰው አፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ከሌሎች ባለ ሙያዎች ጋር መተዋወቅ ለትንሽ ነጋዴ የሥራ ፈት ጨዋታ ሳይሆን ከሥራው እንደ አንዱ ክፍል ሊቈጠር ይገባዋል።

ነገር ግን አብዛኛው ትንሽ ነጋዴ ለብቻው ይደክማል። ልብስ ሰፊው ክሩን በችርቻሮ ይገዛል፤ ጎረቤቱም ያንኑ ክር በችርቻሮ ይገዛል፤ ሁለቱ ቢነጋገሩ በጅምላ ዋጋ ባገኙት ነበር። አንዱ አናጢ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ መጥቶለት ይመልሳል፤ ሌላው በሁለተኛው መንገድ ሥራ አጥቶ ይቀመጣል። ምክንያቱን ሲጠይቋቸው፥ ምሥጢሬን ያወቀ ገበያዬን ይወስድብኛል ይላሉ። ይህ ፍርሃት ፈጽሞ ከንቱ ነው አይባልም፤ ገበያ የሚሻማ ሰው አለና። ዳሩ ግን በብቸኝነት የሚጠፋው ገበያ በሽሚያ ከሚጠፋው የሚበልጥ አይደለምን?

ለዚህ ምስክር የሚሆን የታወቀ ታሪክ አለ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በኋላ በአሜሪካ ታላቅ የመንግሥት ሰውና የመብረቅን ጠባይ የመረመረ ሊቅ ሆኖ ስሙ በዓለም ተሰማ እንጂ፥ አባቱ በቦስተን ከተማ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበረ። ልጁም የማተሚያ ሥራ ተምሮ በ17 ዓመቱ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1723 ዓመት፥ ዘመድ ወደሌለበት ወደ ፊላዴልፊያ መጣ። በ1727 ዓመትም ወዳጆቹን ሰብስቦ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ የሚገናኙበትን ጁንቶ የሚባል ማኅበር አቋቋመ። ማኅበርተኞቹ አብዛኞቹ በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ ነበሩ፤ መስተዋት የሚገጥም፥ ጫማ መስፋት የተማረ፥ አናጢ፥ የውል ጽሑፍ የሚገለብጥ፥ የነጋዴ ጸሐፊና አታሚዎች ነበሩባቸው። ሲሰበሰቡም በቅርቡ በንግዱ የከሰረ ሰው እንዳለና የከሰረበትን ምክንያት፥ የበለጸገም ካለ በምን መንገድ እንደ በለጸገ፥ አዲስ ሥራ የጀመረ ብርቱ ወጣት ካለ ማኅበሩ እንደምን ሊያበረታታው እንደሚችል ይጠያየቁ ነበር። በክርክርም ጊዜ በግትርነት የሚናገር ሰው ጥቂት ገንዘብ ይቀጣ ነበር።

ፍራንክሊን ከአንድ ባልንጀራው ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት በከፈተ ጊዜ ማኅበርተኞቹ ሥራ ሊያመጡለት ተጉ። ከእነርሱ አንዱ፥ ብራይንትናል የሚባለው፥ የኩዌከሮች ሃይማኖት ሰዎች ከሚያሳትሙት የታሪክ መጽሐፍ 40 ታላላቅ ወረቀት አስገኘለት። ዋጋው ዝቅተኛ ነበረ፤ ፍራንክሊን ግን የአንድ ወረቀት ፊደል በየቀኑ ይለቅም ነበር። አንድ ማታ ሥራውን ጨርሶ ሊያርፍ ሲል የሁለት ገጽ ፊደል ቢበተንበት ከመተኛቱ በፊት እንደገና ለቅሞ አቆመው። ጎረቤቶቹም ትጋቱን አዩ፤ ወሬው በከተማው ነጋዴዎች ዘንድ ተሰማ። በኋላም ለማተሚያው መሣሪያ የቀረው ዕዳ ሳይከፈል ቀርቶ በፍርድ ቤት በተያዘ ጊዜ፥ ግሬስና ኮልማን የሚባሉ ሁለት ማኅበርተኞች፥ እርሱ ሳይለምናቸው፥ አንዱም የሌላውን ሳያውቅ፥ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሊሰጡት ለየብቻቸው መጡ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው፥ ወዳጅ በር ይከፍታል እንጂ በሩን ክፍት አድርጎ የሚያቈየው የራስ ድካም መሆኑ ነው። ሥራውን ያመጣ ብራይንትናል ነው፤ ሌሊት ተቀምጦ የሠራው ግን ፍራንክሊን ነው። ሥራው ባይመጣ ትጋቱን ማን ባየለት? ትጋትም ባይኖረው ያመጣለት ወዳጅ ባፈረ ነበር። ሁለተኛው፥ መታመን የሚዘራው ከችግር ቀን አስቀድሞ መሆኑ ነው። ግሬስና ኮልማን የመጡት ጠባዩን በየሳምንቱ ሲያዩ ስለ ኖሩ ነው። በተቸገረበት ቀን ብቻ ወዳጅ የሚፈልግ ሰው ግን ሳይዘራ ሊያጭድ የሚወጣን ገበሬ ይመስላል።

ከዚያም ወዲህ፥ በፈረንጆች 1905 ዓመት፥ ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ በሺካጎ ከተማ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፥ ከአንድ የማዕድን መሐንዲስና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ሆኖ ሮታሪ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ስሙ የወጣው ስብሰባው በየማኅበርተኛው መሥሪያ ቤት በተራ ይዞር ስለ ነበረ ነው። በመጀመሪያውም ዘመን ከእያንዳንዱ ሙያ አንድ ሰው ብቻ ይቀበሉ ነበር። በዚህ ሥርዐት ማንም የባልንጀራውን ሥራ በስፍራው ተገኝቶ ያያል፤ ገበያዬን ይሻማኛል ብሎም አይፈራም።

እኛ ግን ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ ብቻ መማር አያስፈልገንም፤ ሥሩ በእጃችን አለና። በአገራችን ዕቁብተኞች ዳኛና ጸሐፊ መርጠው፥ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እያዋጡ፥ ዕጣ ይጥላሉ። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል፤ የጨነቀው ካለም ባለ ዕጣውን ለምኖ ሊለዋወጥ ይችላል። ዋስ መሆን ማለት፥ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፥ ቃሉን ቢያጥፍ እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የመታመን ትምህርት ከወዴት ይገኛል? በአዲስ አበባ መርካቶም ብዙ ነጋዴ ሱቁን የከፈተው በዕቁብ ገንዘብ ነው።

የሚያሳዝነው፥ ብዙ ጊዜ ዕጣው ወጥቶ ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ መሄዱ ነው። ለዋስነት የተማመኑ ሰዎች ለሥራ ሳይነጋገሩ ይለያያሉ። ዳኛው ዕጣ ከመጣሉ በፊት፥ በዚህ ሳምንት ምን የሚፈልግ አለ? ምንስ የተረፈው አለ? ብሎ ግማሽ ሰዓት ቢያነጋግራቸው የሚወጣ ኪሳራ የለም። ብረት የሚበይደው ሳንቃ የሚቈርጠውን፥ ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት አቅራቢውን፥ ልብስ ሰፊው ዩኒፎርም የሚያሰፋውን ትምህርት ቤት በዚያው ያገኙታል። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል፤ በታላቅ ምክር ቤት ለመናገር የሚያፍር ትንሽ ነጋዴ ግን ከሚያውቃቸው ከ10 ወይም ከ12 ሰዎች ጋር መጀመር ይቀለዋል።

ለእንዲህ ያለ ማኅበር ሦስት ነገር ይበቃዋል። አንደኛ፥ ቀኑና ሰዓቱ የማይለወጥ ይሁን፤ ሰዓት የማያከብር ሰው ዕዳ ያከብራል ብሎ የሚያምን የለምና። ሁለተኛ፥ ማንም ሰው ሥራውን በዐይኑ ያላየለትን ባልንጀራ ለሌላ አያመስግን፤ በውሸት የተመሰገነ ሰው ሥራውን ሲያበላሽ ከእርሱ ጋር የአመስጋኙም ስም ይጠፋል። ሦስተኛ፥ ከመጠየቅ በፊት መስጠት ይቅደም። ስለ ራሱ ሸቀጥ ብቻ ሲናገር የሚያመሽ ሰው በሦስተኛው ሳምንት የሚሰማው አያገኝም፤ ለባልንጀራው አንድ ገዢ ያመጣ ሰው ግን ሳይናገር ይታወሳል። ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ የብዙ መቶ ሰዎች ስም ይይዛል፤ ነገር ግን ዋስ ሁነኝ ቢሉት እሺ የሚል ከዚያ ሁሉ ስም መካከል ስንቱ ነው?

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር መቅረት የለበትም። የስኮትላንዱ ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 ዓመት ባወጣው መጽሐፉ፥ ባለ አንድ ሙያ ሰዎች ሲሰበሰቡ ወሬያቸው ሕዝቡን በሚጐዳ የዋጋ ጭማሪ ሤራ እንዳይፈጸም ያሠጋል ሲል ጽፏል። እውነት ነው። ክር በኅብረት መግዛት ወጪን ይቀንሳል፤ የሸማን ዋጋ በኅብረት መስቀል ግን ገዢውን መዝረፍ ነው። ሕዝብ የጠላው ማኅበርም ማኅበርተኞቹን ያሳፍራል እንጂ አያስከብራቸውም።

ስለዚህ ትንሽ ነጋዴ ሁሉ በዚህ ሳምንት ከሙያው ውጭ የሆነ አንድ ባልንጀራውን በሥራው ቦታ ሄዶ ይጐብኝ፤ ምን እንደ ቸገረው ይጠይቀው፤ የሚችለውን ያህል ያግዘው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ድሩ እንዲያብር አስቀድሞ እያንዳንዱ ክር ጠንክሮ መፈተል አለበት። የክሩ ጥንካሬ የሥራችን ጥራት ነው፤ የሚያሳብረውም የምንጠብቀው ቃላችን ነው።